የዓሣ ሻጭዋ ሁለተኛ ዓይን

ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዝናብ ከነነፋሱ። ጃንጥላዬ አምስተርዳም፣ ዳፐርማርክት ገበያ መሐል ተገልብጦ የአበባ ሻጩን ባልዲ ሊደፋው ምንም አልቀረው። እዚህ አገር ዓመቱ 1986 ነው፤ እኔ ግን በራሴ ደብተር ላይ የራሴን ቀን እጽፋለሁ። በቡርትሃውስ፣ ማለት በሰፈራችን የሕዝብ ቤት፣ የተገኘነው እኔ፣ ጎረቤቴ ብዙወርቅ፣ ሥራውን የምትመራው ሜቭራው (በእኛ ወይዘሮ) ማሬይከ፣ ሁለት ዓይነ ስውር እንግዶች እና ሥዕሉ።

ሥዕሉ የእኔ አይደለም። እውነተኛው ዴን ሃግ ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ፣ ስሙ የማይታወቅ የድሮ ሰዓሊ የሠራው ነው፦ ዓሣ የምትሸጥ ሴት፣ በእጇ አንድ ዓሣ፣ እግሯ ሥር ድመት። ማሬይከ የሰጠችኝ ሥራ፣ ማየት የማይችሉ ሰዎች በጣታቸው እንዲያውቁት በጨርቅ፣ በቆዳና በገመድ ከፍ ዝቅ አድርጌ እንድገለብጠው ነው። ሙዚየሙ ከወደደው ከእውነተኛው አጠገብ ይሰቅለዋል። መርፌ መያዝ እንደምችል የነገረቻት ብዙወርቅ ናት። እኔማ መቼ ተናግሬ።

መጀመሪያ የዳሰሱት ሜነር ሃርምሰን የሚባሉ ሆላንዳዊ አዛውንት ናቸው። ከታች ጀመሩ። «ድመት» አሉ። ልክ ነው። እጃቸው እየወጣ ፊቷ ላይ ደረሰ፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ደረሰ።

«ይሄ ዓሣው ነው» አሉ። «ስኾል ነው። ኧረ ትልቅ ስኾል!»

ስኾል ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ጎኑ የተደረደሩ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ በረዶ ላይ ተኝቶ ሰው የሚታዘብ ይመስላል። ብዙወርቅ ሳቋን እውጣለሁ ብላ ትን አላት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴትዮዋ የተሣለችው በጎኗ ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ጥቁር ቁልፍ ሰፋሁላት። ማሬይከ «የት፣ ለምን?» አለችኝ። ሆላንዶቹ የትነበርሽ ማለት ስለሚከብዳቸው የት ይሉኛል፤ እነሱም ዘንድ የት የሚባሉ ሴቶች አሉ። ወለሉን አየሁ። ወለሉ መወልወል ነበረበት።

ሁለተኛው እንግዳ አቶ ኣስመላሽ ናቸው። የምጽዋ ሰው፤ መርከበኛ ነበሩ፤ የሞተር ቤት እንፋሎት ዓይናቸውን ወሰደባቸው፤ አሁን ሮተርዳም ብቻቸውን ይኖራሉ። ፊቷን ሲዳስሱ ፈገግ አሉና በአማርኛ «ጻድቅ ናት!» አሉ። ቀጥለው ለማሬይከ በሆላንድኛ አስረዷት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፤ ሰይጣንና ጭፍሮቹ በጎን፣ ባንድ ዓይን። «ይህን የሰፋው ሰው» አሉ፣ «ሴትዮዋ ሲኦል እንዳትገባ ፈርቶላታል።»

ማሬይከ ዞራ አየችኝ። «እውነት ነው?»

«ምን አደረገች?» አልኩ። «ዓሣ ነው የሸጠችው።»

ሁሉም ሳቁ። ማሬይከም ሳቀች፤ ግን እንደገና ይሠራ አለች። በሥዕሉ ላይ ያለው አንድ ዓይን ነውና።

የአቶ ኣስመላሽ ካፖርት መካከለኛው ቁልፍ የለውም። ነፋስ ያስገባል። እኔን ምን አገባኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

በችኮላ። ብዙወርቅ የስኾሉን ነገር ከጸሎት በኋላ ለማኅበሩ ሁሉ ነገረችው። አሁን ሰዎች እጅ ሲነሡኝ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወይዘሮ አበባይሽ ደግሞ ሁለቱንም ጨፈነች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ደመና፤ ዝናብ የለም። ሮተርዳም ሄድኩ።

ሐሳቡ የማሬይከ ነው። አቶ ኣስመላሽ የእኛንም የእነሱንም ሥዕል ስለሚያውቁ፣ የሠራሁትን ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰድኩ እንዲሞክሩልኝ አለች። ስለዚህ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሴን ተኮስኩ። ብዙወርቅ ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ጽዳት ተመልሳ፣ ቱታዋን ሳታወልቅ በራፌ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ለማን ነው የምትተኩሺው?»

«ለባቡሩ።»

«ባቡሩ ዓይን አለው?»

ስወጣ ደግሞ አሸተተችኝ። «ሽቶ!» አለች፤ ደረጃው ሁሉ ሰማ። ሽቶው የቆየ ነው፤ ተንኖ ሳያልቅ ልጨርሰው ብዬ ነው።

አቶ ኣስመላሽ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደቡ የሚሰማበት ቤት ነው። መርከብ በጮኸ ቁጥር ራሳቸውን ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ ስማቸውን የተጠሩ ይመስል። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን በስኒው ከንፈር ላይ ያጥፋሉ፤ ሲሞቃቸው ያቆማሉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ብቀዳ ወለሉን አጥብ ነበር።

«ሆላንዶቹ ቀኑን ሙሉ የት፣ የት እያሉ ይጠሩዎታል» አሉኝ። «እስካሁን አላገኙዎትም ማለት ነው?»

ሳቅሁ። የማልስቅ ሰው ነኝ፤ ግን ሳቅሁ።

ዓሣውን ዳሰሱ። ቅርፊቱን ከቆዳ ቁርጥራጭ ደራርቤ ነው የሠራሁት። «ጥሩ ነው» አሉ፣ «ግን አይሸትም። ዓሣ ሻጭ ዘንድ ስደርስ ከእጄ በፊት አፍንጫዬ ነው የሚያየው።» ይህን ልብ አልኩ።

ከዚያ እንደ ዋዛ ነገሩኝ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ በምሥራቅ በኩል፣ ጫካ መሐል፣ ፎቅ የሌለው የዓይነ ስውራን መኖሪያ ቤት ቦታ አግኝታላቸዋለች። እስከ ፈረንጅ ገና መልስ ትፈልጋለች።

«ይሄዳሉ?»

«ጫካ አልወድም፤ ዛፍ ጥሩምባ አይነፋም። ደረጃው ግን እየከበደኝ ነው። እዚህስ ማን አለኝ?»

ሻዬን ጠጣሁ። ሻዩ አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ጠጣሁ።

እሳቸው ከሄዱ ሥዕሉን ማን ይሞክርልኛል? ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከዳፐርማርክት ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ገዛሁ። ሻጩ «በሽንኩርት?» አለኝ። «ሽንኩርት ሴትዮዋ አትወድም» አልኩት። ወደ ቡርትሃውስ ወስጄ የቆዳውን ዓሣ ከራስ እስከ ጅራት አሸሁበት። አሁን ይሸታል። አቶ ኣስመላሽ ይገረማሉ። እጄን በሎሚ ታጠብኩ፤ አይለቅም። በትራሙ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተነሥታ ሄደች።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጉድ።

የቡርትሃውሱ ዘበኛ የሚያሳድገው ድመት ሌሊት በመስኮት ገብቶ ዓሣውን በላው። ግማሹን በላ፣ ግማሹን ቧጠጠ። የገመዱን ድመትም ነክሶታል፤ ተቀናቃኝ መስሎት ይሆናል። ማሬይከ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «ያለ ማንም እርዳታ ሥዕሉን የተረዳ የመጀመሪያው ተመልካች» አለች።

ለአቶ ኣስመላሽ በስልክ ነገርኳቸው። ረዥም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ «ዛሬ ሳይመጡ ቀሩ ማለት ነው» አሉ። አዎ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። ድመቱ ላይ በጣም ተናድጃለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ብርድ፤ ፀሐይ ግን አለ። ዴን ሃግ ሄድን፤ እኔና ማሬይከ። እስካሁን ስሠራ የነበረው ከፎቶግራፍ ነው። ማሬይከ ከራሷ ከሴትዮዋ ጋር ተያዪ አለች።

ጠባቂው ገና ስጠጋ «ሜቭራው፣ አይነካም!» አለ። እጄ ከኋላዬ ነበር፤ የቀረበው አፍንጫዬ ነው።

ፎቶግራፉ ብዙ ነገር ደብቆኛል። ቅርጫቷ ባዶ ነው። በእጇ ያለችው የመጨረሻዋ ዓሣ ናት። ከሥዕሉ ውጭ፣ እኔ በቆምኩበት ቦታ፣ ገዢ አለ፤ እጇን ወደሱ ዘርግታለች፤ ፊቷን ግን አዙራለች። ከንፈሯ ገጠም ብሏል። ክፉ አይደለችም። ሰይጣንም አይደለችም። ሻጭ ሆና መሸጥ ያልፈለገች ሴት ናት።

ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ፤ የሥዕሉን ዕድሜ እንጂ ይህን አይልም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ወሬው ሁልጊዜ ጥሩው ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ይቀደዳል። ስለዚህ መጨረሻውን ራሴ መገመት ለምጃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ደግ መጨረሻ ነው የምገምተው። በዚህች ሴት ላይም ሁለት ዓይን ያደረግሁት በዚሁ ልማድ ይሆናል።

ማሬይከ «አሁን ገባሽ?» አለች። «አዎ» አልኩ። ግን እቤት መጥቼ መቀሱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አቶ ኣስመላሽ አንድ ዓይን ብቻ ሲሰማቸው ምን ይላሉ? ክፉ ሴት ሠራችልኝ ይላሉ። ሁለተኛውን ቁልፍ በትንሽ ቁልፍ ቀየርኩት። ለማሬይከም ለእሳቸውም የሚሆን መሰለኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዲሱን ፊት ይዤ ሮተርዳም ሄድኩ። አቶ ኣስመላሽ ዳሰሱት። «ስኾሉ ከሳ» አሉ። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እውነተኛው ሥዕል ላይ ፊቷ ምን ይላል?»

«ደስ ብሏታል» አልኩ።

«የትነበርሽ።»

«አቤት።»

«ሄደሽ አይተሻት የለም እንዴ?»

እስከ ዛሬ አንቱ ነበር የሚሉኝ። አንቺ አሉኝ። ጆሮዬ ሞቀ።

«ዞራለች» አልኩ። «ገዢውን አታየውም። የቀረቻት አንድ ዓሣ ናት፤ የምትሸጣት አይመስለኝም።»

«ታዲያ እሱን ለምን አትሰጪኝም?» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ዓይን ስለሌለኝ ፊቷን የምታዞርብኝ ሴት አይገባኝም? ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል ይስቃል፤ ለእኔ ሲል ዝናብ የለም ይላል፤ ወጥቼ እበሰብሳለሁ። አሁን ደግሞ ሥዕል እንኳ ለእኔ ሲል ይጸድቃል! በሆላንዱ ላይ የዞረችበትን ያህል በእኔም ላይ ትዙርብኝ።»

ወደ መስኮቱ አየሁ። ሁልጊዜ የምቀመጠው ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው። ብርሃኑ ለሥራ ስለሚመቸኝ።

ቆየት ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «ጫካው ቤት ልሂድ ወይ? ምን ትያለሽ?» አሉ።

«ጥሩ ቦታ ነው ይላሉ» አልኩ። «ሰው ይንከባከብዎታል። ደረጃም የለውም።»

«እንዲህ ነው?»

«አዎ።»

«ጽቡቕ» አሉ። በትግርኛ ጥሩ ማለት ነው፤ ሲሉት ግን ጥሩ አልመሰለኝም።

ባቡሩ አምስተርዳም ደርሶ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። የሚጠርገው ሰውዬ «ሜቭራው፣ እግር» አለኝ። እግሬን አነሣሁለት። ከሥሬ ሲጠርግ አየሁት፤ ጥግ ጥጉን ዘሎታል።

ምን ማለት ነበረብኝ? የእኔን ፈቃድ ይፈልጋሉ እንዴ? ደግሞም የተናገርኩት መልካም ነገር ነው። ሰውን ደስ የሚያሰኝ መናገር ምን ክፋት አለው? አንድ ተጨማሪ ዓይን ነው እንጂ።

ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጃንጥላዬን ሮተርዳም ረስቻለሁ። ሄጄ ላምጣው? አይ። ዝናብ ነው። አይ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉንፋን የለብኝም። ቤቱን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

የሆላንድ ልጆች የስጦታ በዓል ነው። በዚህ ቀን ለሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደል በቸኮሌት ይሰጡታል። ብዙወርቅ የመዳፍ ያህል የፈረንጅ «አ» ገዝታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«የእኔ ስም እኮ በዚህ አይጀምርም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ያንቺም አይጀምርም።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ቁጭ አለች። «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ኤርትራዊ ነው፣ ዓይነ ስውር ነው፣ ደረጃ ላይ ነው የሚኖረው። ይህን ሁሉ እኔ ልልሽ አስቤ ነበር። ግን ቤትሽን ስትወለውይ ሰማሁና ተውኩት።»

«ስለ ማን ነው የምታወሪው?»

«ስለ ስኾሉ» አለችና በሩን ዘግታ ሄደች።

ቸኮሌቱን አልበላሁትም። ጾም ነው፤ ወተት አለበት። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ፀሐይ እንዳያቀልጠው ወደ ቁም ሣጥን አገባሁት። ኅዳር ነው፤ ፀሐይ የለም። ቢሆንም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ማሬይከ እየሮጠች መጣች። ሙዚየሙ በሚመጣው ሳምንት ሥዕሉን ሊያየው ነው፤ ሜነር ሃርምሰንና አቶ ኣስመላሽ በኃላፊው ፊት ይዳስሱታል። ካፖርቷን እየለበሰች ደግሞ «ሰምተሻል? ኣስመላሽ ጫካው ቤት እሺ ብሏል። ከአዲስ ዓመት በኋላ ይገባል። ደስ አይልም?» አለች።

«ደስ ይላል» አልኩ።

መርፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ደሙ ዓሣው ላይ ነጠብ አለ። ማሬይከ «ተዪው፣ ዓሣ ይደማል» አለች።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሁለተኛውን ዓይን ቆረጥኩት።

መጀመሪያ ትንሿን ቁልፍ አነሣሁ፤ ከዚያ ያለችውን አንድ ዓይን ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫው አጠገብ አስጠጋኋት። አፍንጫውን በሻማ ክር ወደ ውጭ አወጣሁት፤ የሚዳስሰው ጣት ወዴት እንደምታይ በሱ ያውቃል። ጉንጯን ከለስላሳ ቆዳ አደረግሁ፤ ማጅራቷን ከሻካራ ከረጢት። ወደ ገዢው በኩል ያለው ማጅራቷ ነው። ከንፈሯን ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኳት። ዞረችብኝ። ውስጤ ቅር አለው፤ ልክ ሰው ፊቱን እንዳዞረብኝ። ትክክል ነው ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን የተረፈችውን ትልቋን ጥቁር ቁልፍ ከሣጥኑ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። የተጣለ ዓይን ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ደስ አይልም።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ጭጋግ። ዴን ሃግ፣ ሙዚየሙ ውስጥ የተገኘነው እኔ፣ ማሬይከ፣ ሜነር ሃርምሰን፣ አቶ ኣስመላሽ፣ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ እና «አይነካም» ያለኝ ጠባቂ። አቶ ኣስመላሽ ጃንጥላዬን ይዘውልኝ መጥተዋል። ሰላምታችን አጭር ነበር። ካፖርታቸው አሁንም መሐሉ ክፍት ነው።

ሜነር ሃርምሰን ዳሰሱ። «ድመት። ቅርጫት፤ ባዶ። እጅ። ዓሣ፤ ይሄ ነው ዓሣው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሴት።» ፊቷ ላይ ቆዩ። «ሴትዮዋ ወደ ሌላ በኩል ታያለች። ምን አስቀይመናት ነው?» ኃላፊው ሳቁ፤ ለካ መሳቅ ይችላሉ።

አቶ ኣስመላሽ ከፊቷ ጀመሩ። አንዷን ዓይን አገኙ። ሁለተኛውን ሲፈልጉ ጣታቸው ጉንጯ ላይ ሄደ፣ ማጅራቷ ላይ ደረሰ፣ ባዶውን አገኘ። ተመለሰ።

«ዞራለች» አሉ በሆላንድኛ። «ዓሣዋን አትሸጥም። ገዢው እኔ ነኝ፤ እኔ በቆምኩበት ነው የቆመው።» ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «አመሰግናለሁ» አሉ።

ኃላፊው ተቀበሉት። ግን ከእውነተኛው አጠገብ አይሆንም አሉ፤ እጅ ለምዶ ወደ እውነተኛው እንዳይሄድ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ይሁን። ማሬይከ ፊቷ ቀላ። ሜነር ሃርምሰን «ካፖርቶችም ሥዕል ማየት አለባቸው» ብለው ሊያበርዷት ሞከሩ። እሷ ግን ካርቶን አምጥታ በትልቁ «እባክዎ ይንኩ» ብላ ጽፋ ከላዩ ሰቀለችና፣ ሜነር ሃርምሰንን ይዛ ኃላፊውን ልትከራከር ወደ ቢሮ ገባች።

እኔና አቶ ኣስመላሽ ካርቶኑ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ቀረን።

«እሺ ብለዋል አሉ» አልኩ። «ስለ ጫካው ቤት።»

«አንቺ ጥሩ ነው አልሽኝ። እሷ አንዲት ዓሣ መሸጥ አቅቷት ስንት መቶ ዓመት ትቆማለች፤ አንቺ እኔን በአንድ ስኒ ሻይ ሸጥሽኝ።»

ልስቅ ነው ወይስ ላለቅስ? አንዱም አልመጣልኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምፅሽ የሚመጣኝ ከጎን ነው። ከእኔ ጋር እያወራሽ ቃልሽ ወደ መስኮት ይሄዳል፤ አሁን ደግሞ ወደ ካፖርቶቹ እየሄደ ነው። ባንድ ዓይን ነው የምታወሪኝ። ንገሪኝ እስቲ፤ ሰይጣኑ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ለሥዕሏ አንዷን ዓይን ከቆረጥኩ በኋላ ለራሴ ሌላ ሰበብ መስጠት አልቻልኩም። ብርሃኑ ነው ልል ነበር። ኮሪደሩ ብርሃን የለውም።

አግዳሚው ላይ ዞርኩ። ጉልበቴ ጉልበታቸውን መታ።

«አሁን ፊት ለፊት መጣ» አሉ።

«እዋይ» አልኩ፤ በትግርኛ ወይኔ እንደ ማለት፣ የእሳቸው ቃል ነው፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ዋሽቼዎታለሁ። ቦታው ጥሩ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲሄዱ አልፈልግም።»

«ማነው የማይፈልገው? ሥዕሉን የሚሞክርልሽ ያጣሽው ሠራተኛ?»

«እኔ» አልኩ። «አልሸጥም።»

እጃቸውን ዘረጉ። እጄን ፈልገው አላጡትም። ያኔ ጠባቂው በኮሪደሩ መጣ። እጅ ለእጅ መያያዛችንን አየ፤ ከልማዱ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የማሬይከን ካርቶን አነበበ። አፉን ዘግቶ አለፈ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ጭጋግ፤ ከረፋዱ በኋላ ገለጥ አለ። የተገኘነው እኔና እሳቸው።

ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ቀሚስ አልተኮስኩም። ሥራ ቦታዬ ደውዬ ዛሬ ዘግይቼ እገባለሁ አልኩ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ቁልፍ ልሰፋ ነው» አልኩ። እውነት ስለሆነ ሌላ የሚጨምሩት አላገኙም። መርፌና ቡናማ ክር በወረቀት ጠቀለልኩ። የቸኮሌቱን «አ» ከቁም ሣጥን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት፤ ለገና ነው፣ እሳቸው ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል። ደረጃው ላይ ብዙወርቅን አገኘኋት፤ ከሥራ እየገባች ነው። አሸተተችኝ። «ሽቶ የለም» አለች፣ «በቃ ተያዝሽ።»

ሮተርዳም ስደርስ በሩ ክፍት ነበር፤ ስልክ ላይ ናቸው። «ኔይ፣ ሜቭራው። አይ፣ አልመጣም። አመሰግናለሁ። ዛፎቹን ሰላም በዪልኝ።» ዘጉ።

ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረድኩ። ከፊታቸው ተቀመጥኩ፤ መስኮቱ ከኋላዬ ሆነ፤ ብርሃኑ አልተመቸኝም፤ ሰፋሁ። የዓሣ ሻጭዋን ሁለተኛ ዓይን በመካከለኛው ቦታ ተከልኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ለበሱትና ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱ። መሐሉ ላይ ቆሙ።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያውቁታል። ጻድቅ ናት ያሉበት ነው።»

«ከሌሎቹ ጋር ይሄዳል?»

«አይሄድም» አልኩ። «ሌሎቹ ቡናማ ናቸው፣ ይሄ ጥቁር ነው። ከሩቅ ያስታውቃል።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«ጽቡቕ» አሉና ቆለፉት። አሁን ጥሩ ማለታቸው ነው።

ደረጃውን ቀስ እያልን ወረድን። ገበያው ጋ ስኾሉ በረዶ ላይ ተኝቶ፣ በሁለቱም ዓይኑ ወደ ላይ ያያል። ጾም ስለሆነ አልገዛንም፤ እጅ ነሥተነው አለፍን።